የእሜቴ መሪ የቀለለ ዕለት

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ልጅ የሚወልደው ሲያረጅ እንዲጦረው አይደለም፤ መሪ እንዲያግዘው ነው።

አትቆጡ። ይህን የምለው ጥናት አድርጌ አይደለም። በግራ ትከሻዬ ነው የማውቀው። የግራ ትከሻዬ ከቀኙ ትንሽ ይወፍራል። ባለፈው ዓመት ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ካደረገ በኋላ፣ “እህቴ፣ በዚህ በኩል ምን ትሸከሚያለሽ?” ሲለኝ አፍሬ “ቦርሳ” አልኩት። ዋሸሁ። የምሸከመው መኪና ነው።

አባባ በቧንቧ ውሃ ሰፈር የታወቁ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው ይልቅ የታወቀችው ግን መኪናቸው ናት። የተሠራችበትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ ፋብሪካውም እስከ ዛሬ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅ አይመስለኝም። በንጉሡ ጊዜ አገር የገባች፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ፣ የሞተሯ ክብደት በሙሉ የፊት ጎማዎቿ ላይ የተቀመጠ ወፍራም እመቤት ናት። ሰፈሩ “እሜቴ” ይላታል። በሯ ሲዘጋ መኪና ሳይሆን መጋዘን የተዘጋ ይመስላል። ምንም ነውር የለባትም። አንድ ነገር ብቻ… ፓወር ስቲሪንግ የሚባለው ነገር ከመፈልሰፉ በፊት እንደ ተወለደች ትኖራለች።

መኪና ለማትነዱት ላስረዳ። የዛሬ መኪና መሪ ሲያዞሩት ከሥር ሆኖ የሚያግዝ ጉልበት አለው፤ በሁለት ጣት ይዞራል። የእሜቴን መሪ ለማዞር ግን መጀመሪያ ቢስሚላህ ይባላል፣ ከዚያ ጥርስ ይነከሳል፣ ከዚያ መቀመጫ ከወንበሩ ትንሽ ይነሣል። ሜዳ ላይ ስትሮጥ ይሻላል። ቀስ ብላ ኩርባ ላይ ስትገባ ግን የወፍጮ ድንጋይ እያዞራችሁ እንደሆነ ቁጠሩት።

ለአባባ ይህ ሁሉ ጉድለት አይደለም። በወጣትነታቸው የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ፤ ተሳቢ እየጎተቱ በረሃውን የሚያቋርጡ። ለእርሳቸው መሪ የሚያወራ ነገር ነው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ በመዳፋቸው ብቻ፣ “አሁን ጠጠር ጀመረ” ይላሉ። ትንሽ ቆይተው፣ “አስፋልቱ ረጥቧል።” ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ “የቀኙ ጎማ ንፋስ ጎሎታል፤ እየጎተተኝ ነው።” ወርደን ስናይ እውነትም ጎሎታል። የዘመኑን ቀላል መሪ ሲያዩ በጣም ያዝናሉ፤ “ዲዳ ነው” ይላሉ።

ትከሻቸው ግን እንደ እሜቴ ብረት አልሆነም። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ቀኝ ትከሻቸው አልታዘዝም ማለት ጀመረ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ መንገዱ ወለል ላይ እንደ ተጣለ መቀነት ነው፤ አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ይቀበላችኋል። አንድ ቅዳሜ ከነዚህ በአንዱ ላይ አባባ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ “ሰሚራ፣ ቀኝ ያዢ” አሉኝ። ከጎናቸው ተቀምጬ ነበርና ግራ እጄን ሰድጄ መሪውን ያዝኩ። አብረን ሳብን። እሜቴ ዞረች። አባባ ከኩርባው ከወጡ በኋላ በቆረጣ አዩኝና፣ “ደህና ክንድ አለሽ” አሉ። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ሥራ የተቀጠርኩት ያን ጊዜ ነው።

ጉዞው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ኮምቦልቻ የአባባ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘሐራ አለች። ጉልበቷን ስለሚያማት የደሴን ብርድ አትችልም፤ እኛ ካልወረድን አትመጣም። ቅዳሜ ጠዋት ወንበሯን ደጃፏ ላይ አውጥታ ትጠብቃለች። ሚኒባስ ሞልቶ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ሞልቷል። አባባ ግን ሌላ ሰው በያዘው መሪ አይሄዱም። ስለዚህ አባባ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ፣ እናቴ ከኋላ። እማ የኋላ ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና በነቢዩ ላይ ሰለዋት እያወረደች ነው የምትሄደው፤ የምትገልጠው መኪናዋ ስትቆም ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ የማልወድ ልጅ ነኝ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ “አቤት” የምለው ለራሴ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ በደሴ ፒያሳ መሐል፣ በገበያ ቀን፣ ከአባቷ ጋር መሪ ስትታገል ይታያችሁ። ሻርፔን እስከ ቅንድቤ አወርዳለሁ፤ እጄ ግን መሪው ላይ ነውና መደበቁ ምን ይጠቅማል? አንድ ጊዜ መታጠፊያው ላይ መንገድ ዘጋን። ከኋላችን የነበረ የሚኒባስ ሾፌር አንገቱን አወጣ።

“ጋሼ፣ ማናችሁ ናችሁ የምትነዱት? በማን ላይ እንደምንቆጣ እንወቅ እንጂ።”

አባባ አልዞሩም። “ሁለታችንም ነን። አንተ ለብቻህ ስለሆንክ ነው የቸኮልከው” አሉት።

“መንጃ ፈቃድ የለሽም እንዴ፣ ለምን አንቺ አትነጂም?” የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አለኝ። የተማርኩት ግን በቀላል መሪ ነው። በእሜቴ ላይ ለብቻዬ የምችለው ግማሽ መሪ ነው፤ አባባም ለብቻቸው የሚችሉት ግማሽ ነው። አንድ ሾፌር የሚወጣን ስንደመር ነው።

ታዲያ ይህ ድምር አንድ ቀን መፍረሱ አልቀረም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ፣ ከሚሴ ውስጥ የፊዚክስ መምህርነት አገኘሁ። የምሥራቹን ስነግራቸው አባባ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ አላህ እውቀትሽን ያስፋው፣ ከሰው በላይ እንጂ ከሰው በታች አያድርግሽ፣ ደጅሽን ይክፈተው… እማ “አሚን” ስትል ቆየች። ምርቃቱ አለቀ። አባባ እጃቸውን ሰበሰቡና ጠየቁኝ።

“ቅዳሜ ታስተምሪያለሽ?”

“ቅዳሜ እረፍት ነው፣ አባባ።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉ። ፊታቸው በራ።

ያኔ ነው የገባኝ። ካርታውን አስቡት። ከሚሴ ከኮምቦልቻ ወዲያ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ከከሚሴ ተነሥቼ፣ በአክስቴ ደጃፍ አልፌ፣ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እገባለሁ፤ መሪ ይዤ ሐረጎን ተመልሼ እወርድና ያለፍኳት አክስቴ ጋ እደርሳለሁ። ከዚያ አባባን ወደ ላይ አድርሼ፣ እንደገና ወደ ታች… ሳስበው ብቻ ትከሻዬ አበጠ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የምፈልገው ቅዳሜ መተኛት ነበር። ሌላ ምንም አይደለም። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ቅዳሜ የእኔ ሆና አታውቅም። ግን ደግሞ አባባን ጥያቸው ብቀር፣ መሪው እምቢ ብሏቸው ቤት ቢውሉ፣ አክስቴም ወንበሯን አውጥታ ቀኑን ሙሉ መንገድ ስታይ ብትውል… ያ እንቅልፍ መቼ ይወስደኛል? ንጹሕ ቅዳሜ ነበር የምፈልገው፤ ከነኅሊናው።

በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩና የእሜቴን ጠባይ ከማንም በላይ ወደሚያውቀው መካኒክ ወደ ገብሬ ሄድኩ። ገብሬ አብዛኛውን ዕድሜውን መኪና ሥር ተኝቶ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ሲያናግሩትም መልስ የሚሰጠው ከሥር ነው። ለእግሩ ጫማ አስረዳሁት።

“ገብሬ፣ አባባን ሳናስቀይም እሜቴን ማቅለል ይቻላል?”

“ሞተሯን ላውጣላት?”

“መሪዋን ነው።”

ገብሬ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ወጣ። “ከተጋጨች ትንሽ መኪና የነቀልኳት የኤሌክትሪክ ሞተር አለችኝ። ከዳሽቦርዱ ሥር የመሪው ዘንግ ላይ አስራታለሁ። ሰው ሲያዞር እሷ ታግዛለች። ማስተካከያ አላት፤ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ጉልበቷን መጨመርም መቀነስም ነው። ማንም አያያትም።”

“አባባን ምን እንበላቸው?”

ገብሬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። “የመሪ ቅባት ቀየርን እንላለን።”

“ቅባት ይህን ያህል ያቀልላል?”

“ጥሩ ቅባት ነዋ።”

ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩ ሰው ነኝ። ዕቅዱ ጥሩ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ “እሜቴ ቅባት ያስፈልጋታል” ተባለ፤ እኛ አክስቴ ቤት ሦስት ቀን ሰነበትን፣ እሜቴም ጋራዥ ሰነበተች። ማክሰኞ ጠዋት ገብሬ ራሱ አምጥቶ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጎ አቆመልን። ቁልፉን ለአባባ ሰጥቶ፣ “ጋሼ፣ ለዛሬ ቀስ እያሉ ይንዱ፤ ቅባቱ አዲስ ነው” አላቸው። ወደኔ ዘንበል ብሎ ደግሞ በሹክሹክታ፣ “አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ። ለሞተሯ የሰጠኋት ሙሉ ጉልበት ነው” አለኝ።

እጆቼን ጭኖቼ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ከኮምቦልቻ እስክንወጣ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ አባባ መሪውን ብዙም አላዞሩት። ነካ ነካ አደረጉትና፣ “ደህና ቅባት ነው” አሉ። እማ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ በልቤ ንግግር እያዘጋጀሁ ነበር፤ አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይቆጡ… ከሐረጎ በፊት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከመጀመሪያው ኩርባ በፊት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዓይን አፋር ሰው እንደምታውቁት ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ነገር በፊት ሊናገር ነው።

ዳገቱን ጀመርን። ቀስ ብላ የምትገባበት፣ የቀኝ፣ ጠባቡ ኩርባ መጣ። አባባ እንደ ልማዳቸው ጥርሳቸውን ነከሱ፣ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

“ቀኝ ያዢ።”

እጄ ሄደ። እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው። ስንት ዓመት የታዘዘ እጅ ጭን ሥር ቢቀብሩት ይቀመጣል? አባባ በሙሉ ጉልበታቸው ሳቡ፣ እኔ በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩ። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጎትቱ ኃይሎች ይደመራሉ፤ ይህንን ለዘጠነኛ ክፍል ላስተምር የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። ከዳሽቦርዱ ሥር ሦስተኛ ጎታች መኖሩንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያቺ ወፍራም እመቤት እንደ ጥጃ ዘወር አለች። አስፋልቱን ለቀቀች፣ ጠርዙን በአንድ እግሯ ረገጠች፣ ድንች ማሳ ውስጥ ገባች፣ ጥቂት ፈር ሄደች፣ ቆመች። ፍጥነታችን የሽማግሌ እርምጃ ያህል ስለነበር ማናችንም ጭረት አልነካንም።

መኪናዋ ስትቆም እማ ዓይኗን ገለጠች። በመስኮቱ የድንች ቅጠል አየች።

“ደረስን?” አለች።

አባባ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ ፊት ለፊት እያዩ በጣም ረጋ ብለው፣ “ይህ ቅባት አይደለም” አሉ።

ባለማሳው አዛውንት መቆፈሪያቸውን ተመርኩዘው መጡ። አባባ ወረዱ። አሁን በሌላ አገር ቢሆን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ወሎ ነውና መኪናችን ድንቻቸው ላይ ቆማ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያዙ። አሰላሙ አለይኩም። ወአለይኩሙ ሰላም። እንዴት ከረማችሁ። አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ። ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? ዘንድሮ ደግ ነው። ደሴስ ኑሮው? ይመስገን። የእሜቴ ሞተር እስኪበርድ ድረስ ተጠያየቁ። ከዚያ በኋላ ነው አዛውንቱ ወደ መኪናዋ እንደ አዲስ ያዩት።

“እንዲያው ምን እግር ጣላችሁ?”

“መሪ ቀለለን” አሉ አባባ።

“ሰው መሪ ሲከብደው መስሎኝ ማሳ የሚገባው?”

አባባ ወደ መኪናዋ ዞሩ። ተመልሰው አንገታቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገቡ። እዚያው ሆነው ጠሩኝ።

“ሰሚራ። ይቺ ምንድን ናት?”

“ሞተር ናት።”

“የማን?”

“የገብሬ… የኔ… የእርስዎ ናት።”

“ማን አዘዛት?”

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ፤ ግማሹን ከፍተነውም ነበር። አዛውንቱ ፊት፣ እማ ፊት፣ ከላይ ፍጥነት ቀንሶ የሚያየን ሚኒባስ ሙሉ ሰው ፊት፣ ተናገርኩ። “እኔ ነኝ። ከሚሴ ስሄድ ማን ይይዝልዎታል ብዬ። ቅዳሜ አክስቴ ጋ ሳይሄዱ እንዳይቀሩ ብዬ።” ትንፋሼን ሰብስቤ ጨመርኩ፣ “ደግሞ ቅዳሜ መተኛት ስለፈለግሁ።”

አባባ ከዳሽቦርዱ ሥር ወጡ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ከንዴት ይሁን ከመጎንበስ አላወቅሁም። “ትነቀላለች። ዛሬውኑ። እኔ ከዲዳ መሪ ጋር አልኖርም። መሪዋ የማያናግረኝ ከሆነ መኪናዋ ትቁም።”

ሞተሯ ከተነቀለች ወይ እኔ ከሚሴን ልተው ነው፣ ወይ እርሳቸው ኮምቦልቻን።

አዛውንቱ ግን በእኛ አገር ወግ የተጣላ ሰው እያዩ ዝም ብለው አይቆሙም፤ የተጣላው ሰው የቆመው ድንቻቸው ላይ ቢሆንም። ድንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ አባባንም አስቀመጡ፣ እኔን ፊት ለፊት አቆሙ። ሁለታችንንም ጠየቁ፣ እስክንጨርስ ሰሙ። ከዚያ ጢማቸውን እያሻሹ ፈረዱ።

“ልጅቱ ዋሽታለች። ጥፋት ነው፤ ትከሻዎን ሳመችና አለቀ። እርስዎም ጥፋት አለብዎ። ልጅዎን ይህን ያህል ዓመት መሪ ላይ አስረው ኖረዋል። እንግዲህ ሞተሯ እንደ ታሰረች ትቅር፤ ልጅቱ ትፈታ።”

“የእርስዎስ ድንች?” አሉ አባባ፤ ድምፃቸው ለስልሷል።

“ሊቆፈር ደርሶ ነበር። ጥቂት ፈር ቆፍራችሁልኛል።”

ትከሻቸውን ሳምኩ። ቀኙን፣ የሚያማቸውን። አባባ ጭንቅላቴን ዳበስ አደረጉት።

ይሁን እንጂ የአባባ ቅሬታ በፍርድ የሚያልቅ አልነበረም። በማግስቱ ገብሬ ከመሣሪያው ጋር ደሴ ድረስ ተጠርቶ መጣ። አባባ መሪውን ይዘው ተቀመጡ፣ ገብሬ ከዳሽቦርዱ ሥር ተኛ፣ ሰፈሩን መዞር ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ባለፉ ቁጥር የአባባን ድምፅ እሰማለሁ።

“ቀንስ። ምንም አልሰማም፤ ጆሮዬን የደፈንከኝ ያህል ነው።”

በሁለተኛው ዙር፣ “ትንሽ ቀንስ። አዎ፣ አሁን ጠጠሯን ሰማኋት።”

በሦስተኛው ዙር፣ “እንደሱ… አይ፣ አሁን ትከሻዬንም ሰማሁት። መልስ።”

ስንተኛው ዙር እንደሆነ ሳላውቅ እሜቴ በራፉ ላይ ቆመች። አባባ ወረዱ። ገብሬም ከሥር ተጎትቶ ወጣ፤ መዞሩ አጥወልውሎት አጥሩን ይዞ ቆመ። አባባ፣ “ጠጠሩን ትነግረኛለች፣ ትከሻዬን ትታልኛለች። ይበቃል” አሉ። ከዚያም ለብቻቸው ተነሥተው፣ ጠባቡን በራችንን በአንድ ዙር ገቡ። እንዲህ ሲገቡ አይቼ አላውቅም። እማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ከሚሴ ሄድኩ። አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ምድጃ። ሳምንቱን ለልጆች ስለ ጉልበትና ስለ ግፊት አስተማርኩ። ቅዳሜ መጣች። የመጀመሪያዋ የራሴ ቅዳሜ። ነቃሁ፣ መንቃቴን አየሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ። እንደገና ነቃሁ፣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ በአንድ እጄ፣ ያለ ማንም እርዳታ። ሰው ለካ እንዲህ ነው የሚኖረው እያልኩ ስልኬ ጮኸ።

“ሰሚራ።”

“አቤት፣ አባባ። አክስቴ ጋ ደረሳችሁ?”

“ደርሰን ወጣን።”

“መሪውስ?”

“ምን መሪ አለው እሱ። ሐረጎን እየተጫወትኩ ነው የወረድኩት። ዘሐራ በር ላይ ሆና ‘ማን ነድቶ አመጣህ?’ አለችኝ።”

“ማሻአላህ። እንግዲህ ወደ ቤት ልትመለሱ ነው።”

በስልኩ ውስጥ የመንገድ ድምፅ ይሰማል።

“ድሮ ኮምቦልቻ ስደርስ ትከሻዬ ‘በቃ’ ይለኝ ነበር” አሉ። “ዛሬ ጠበቅኩት፤ ምንም አላለም። ታዲያ ወደ ፊት ትንሽ ልሂድ አልኩ።”

ከአልጋዬ ቀና አልኩ። “ትንሽ ማለት የት ድረስ ነው፣ አባባ?”

“ሐርቡን አልፈናል፤ ወደ ከሚሴ ተቃርበናል።”

ከኋላ የእማ ድምፅ መጣ፤ “በርበሬ ይዣለሁ በላት፣ እንዳትገዛ።” ቀጥሎ ሌላ የሴት ድምፅ። “ዘሐራም አለች” አሉ አባባ። “ያንቺ ወንበር ባዶ ነበርና ጉልበቷን ዘርግታ ተቀምጣለች። በጣም ተመችቷታል። መንገዱም ሜዳ ነው። ኢንሻአላህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን።”

የፊዚክስ መምህር ነኝ። መሪ ያቀለሉለት ሰው በዚያው ትከሻ ሩቅ እንደሚሄድ ማስላት ነበረብኝ። ተነሥቼ አልጋዬን አነጠፍኩ፣ አንዷን ወንበሬን ለአክስቴ አዘጋጀሁ፣ ለአራት ሰው የሚሆን ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።